የዶክተር ማንኪያ የሕይወት ታሪክ፣ የበሩንም ነገር ጨምሮ

ወንድማችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ የፊቱ ክፍል መስፊያ የጀርባው ክፍል መኖሪያ በሆነ ቤት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ የተወለድኩት እኔ፣ ይህን የማነብላችሁ ታናሽ እህታቸው ነኝ።

ታሪካቸውን የጻፍኩት ፈልጌ አይደለም። በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ «የሕይወት ታሪኬን እህቴ ትጻፈው። ሌላ ሰው ከጻፈው ያሞግሰኛል» የሚል ወረቀት ተገኝቶ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ካልተነጋገርን በኋላ ከወንድሜ የደረሰኝ ቃል ይኸው ነው። እሺ፤ አላሞግስም። ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔን ያድርገኝ። ባለቤታቸው ትናንት እጄን ይዘው «እባክሽ፣ የበሩን ነገር ተይው፤ ሰው ፊት ነው» ብለውኛል። ሰው ፊት ስለሆነ ነው የማልተወው ብያቸዋለሁ። ይቅርታቸውን እጠይቃለሁ።

ወንድማችን ገና በሕፃንነታቸው የተሰጣቸውን ዕቃ ሁሉ ገልብጠው ግርጌውን የማየት ልማድ ነበራቸው። እናታችን «ይህ ልጅ አንድ ቀን ሾርባውንም ገልብጦ ያየዋል» ይሉ ነበር፤ አዩትም። በሰፈሩ የነበረው ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና በ1950 ዓ.ም.፣ በዘጠኝ ዓመታቸው፣ በትልቁ ከተማ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወደነበሩት አጎታችን ዘንድ ተላኩ። ወንድማችን ይህን «ከቤት መባረር» ይሉት ነበር። እስከ ሽምግልናቸውም እንዲያ ሲሉ ኖረዋል። አባታችን ግን በየዓመቱ የደንብ ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉላቸው ነበር። ቁመታቸውን ማየት ስለማይችሉ በግምት ሁለት ጣት ይጨምራሉ፤ ግምቱ ቢሳሳት የሚለቀቅ አራት ጣት ደግሞ ወደ ውስጥ ያጥፋሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ መርፌ አቀብል ስለነበር አውቀዋለሁ። ወንድማችን በሕይወታቸው ስንት ሺህ ዕቃ ገልብጠው አይተዋል፤ የዚያን ሱሪ ጫፍ ግን ገልብጠው ያዩት አይመስለኝም።

ሁለተኛ ደረጃን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው በ1960 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1964 ዓ.ም. በታሪክ ትምህርት ተመረቁ። ለሁለት ዓመትም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ከመጽሐፍ ይልቅ የተሰበረ ቁልፍ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያና አንድ እግሩ የጠፋ ወንበር እየተሸከሙ ክፍል ይገቡ ነበርና፣ ዳይሬክተሩ «መምህር፣ ይህ መማሪያ ክፍል ነው ወይስ የዕቃ መጣያ?» ብለው በደብዳቤ ጠየቋቸው። ወንድማችን በደብዳቤ መለሱ። መልሱ ስድስት ገጽ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ወደ ሙዚየም ተዛወሩ።

በሙዚየሙ ሌሎቹ ባለሙያዎች ፎቅ ላይ ከዘውድና ከሰይፍ ጋር ሲሠሩ፣ እሳቸው ናፍታሊን በሚሸተው ምድር ቤት ከጣሳና ከማንኪያ ጋር ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። የሥራቸው ሐሳብ ቀላል ነበር። ንጉሥ ያደረገውን ጸሐፊው ይጽፍለታል፤ ልብስ የምታጥበው ሴት ያደረገችውን የሚናገረው ግን የተበላው የሳሙና ማስቀመጫዋ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ታጥባለህ፣ ትለካለህ፣ የት እንደተበላ፣ የት እንደተጠገነ፣ የትኛው እጅ እንደያዘው ታያለህ። ጫማ ሲያዩ ተረከዙን፣ ወንበር ሲያዩ የእግሩን ጫፍ፣ ድስት ሲያዩ የተለጠፈበትን ያያሉ። በ1972 ዓ.ም. ያገቧቸውን ባለቤታቸውን እንኳ መጀመሪያ የተዋወቋቸው ለመድኃኒት ወረፋ ቆመው «ቀኑን ሙሉ በግራ እግርሽ ብቻ ነው የምትቆሚው» በማለት ነው። ፋርማሲስቷ «አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አሏቸው። በዓመቱ አገቧቸው።

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ። ሥራቸው ትልቅ ነበር። ለዶክትሬታቸው ያጠኑት፣ ከተዘጋ የሙት ልጆች ማሳደጊያ የተገኙ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ማንኪያዎችን ነው። የማሳደጊያው መዝገብ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማንኪያ እንደነበረው ይናገራል። ወንድማችን ግን አራት ዓመት አቀርቅረው እጀታዎቹን አንድ በአንድ ሲያጸዱ፣ ልጆቹ በሚስማር የጫሯቸውን ምልክቶች አገኙ። አንዱ ላይ ግማሽ ክብ፣ አንዱ ላይ ሁለት ሰረዝ፣ አንዱ ላይ ዓሣ የሚመስል ነገር። በአብዛኞቹ ማንኪያዎች ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት የተለያየ ምልክት ነበረ። አንድ ማንኪያ ለሦስት ልጅ ማለት ነው። ሦስተኛው ልጅ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል የቀዘቀዘ ምግብ ይበላ እንደነበር አስቡት። ጥናቱ በ1977 ዓ.ም. ሲወጣ በዚያ ያደጉ አረጋውያን ወደ ሙዚየሙ መጡ። አንዲት አሮጊት የዓሣውን ምልክት ሲያዩ ማንኪያውን በሁለት እጃቸው ያዙና «ውሸቴን አልነበረም፤ ልጆቼ አላምን ብለውኝ ነበር» አሉ። እኔም በዚያ ቀን እዚያ ነበርኩ፤ በወንድሜ ኮርቻለሁ። «ዶክተር ማንኪያ» የተባሉት ከዚያ ወዲህ ነው። «ሰው ይዋሻል፣ ዕቃ አይዋሽም» የሚለው አባባላቸውም በየጋዜጣው ወጣ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው አንዴ እንዲያ ከተመሰገነ ዳግመኛ መጠየቅ ይተዋል።

በ1981 ዓ.ም. የወላጆቻችን ቤት ሲታደስ የመኝታ ቤቱ በር ተነቀለ። ወንድማችን ያን ጊዜ ለጉብኝት መጥተው ነበርና በሩን ገልብጠው አዩት፤ በመኪና ጭነውም ወደ ሙዚየም ወሰዱት። በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው። መወርወሪያው የተሠራው ከውጭ በኩል ነው። ከውስጥ በኩል ደግሞ ብዙ ጭረትና የመመታት ምልክት አለበት። ይህ በር የተገጠመው በ1953 ዓ.ም.፣ እሳቸው ከአጎታችን ጋር ሳሉ፣ አባታችን አንድ ክፍል ሲጨምሩ ነው። ወንድማችን በዚያ በር ስር አድገው አያውቁም፤ ለዕረፍት ሲመጡም የሚተኙት መስፊያው ክፍል ነበር። ቢሆንም አባታችንን አልጠየቁም። እናታችንን ብቻ በቴፕ መቅረጫ ፊት አስቀምጠው «በሩ መቼ ተሠራ?» አሏቸው። እናታችንም «አዲስ ነው እንጂ! አናጢው ለእኛ ብሎ ነው የሠራው» አሉ።

በ1983 ዓ.ም. በሩ ለሕዝብ ታየ። የጻፉለትን ካርድ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «የመኝታ ቤት በር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ መኖሪያ። ከውጭ ብቻ ይዘጋል። በውስጥ በኩል ያሉት ጭረቶች በሰው እጅ ቁመት ላይ ናቸው። በሩ ለቤቱ ታዝዞ የተሠራ መሆኑን የቤቱ እመቤት አረጋግጠዋል። ቀለሙ ከጊዜ በኋላ የተቀባ ነው።» ስም አልጠቀሱም። ምን ያደርጋል! ከጣቢያው ጀርባ ስንት ልብስ ሰፊ አለ? የዶክተር ማንኪያስ አባት ማን እንደሆኑ የማያውቅ ማን አለ? ጋዜጣው «የልብስ ሰፊው እስረኛ» ብሎ ጻፈ። ተማሪዎች በአውቶቡስ እየመጡ በሩን ጎበኙ፤ ማታ ቤታቸው ገብተው ለእናቶቻቸው አወሩ። እናቶቻቸው የአባታችን ደንበኞች ነበሩ። ቀሚስ ለመለካት የሚመጡት ሴቶች መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው መጡ፤ ከዚያ የመስፊያው በር ላይ ቆመው መለካት ጀመሩ፤ ከዚያ ቀሩ። በ1985 ዓ.ም. አባታችን የስፌት መኪናውን በአንሶላ ሸፈኑት። ወደ ገበያ ሲሄዱም በዋናው መንገድ ሳይሆን ከመጋዘኖቹ ጀርባ በሚያልፈው ጭቃማ መንገድ ነበር።

አሁን የበሩን እውነት ልንገራችሁ። በሩ አዲስ አልነበረም። የባቡር ጣቢያው አሮጌ መጋዘኖች ሲፈርሱ አባታችን ከአፍራሾቹ የገዙት ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በጋሪ ሲመጣ ከላዩ ተቀምጬ ነበር። መጋዘን ከውጭ ነው የሚዘጋው፤ ከውስጥ የጫረው ደግሞ ሣጥን ነው፣ የጆንያ መንጠቆ ነው። ፊቱ ላይ በነጭ ቀለም 14 የሚል ቁጥር ነበረበት። አባታችን ያኔውኑ በአረንጓዴ ቀቡት፤ ነጩ አልጠፋ ብሎ ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ጣሳውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። መወርወሪያው ዝጎ ነበርና አብሮ ተቀባ፤ ቀለሙ እንዳጣበቀው ቀረ። ማንኪያ ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት የሚያዩት ወንድማችን ይህን ሲያዩ «ቀለሙ ከጊዜ በኋላ የተቀባ ነው» ብለው አለፉት። ለምን? አባታቸው ጨካኝ እንደሆኑ በዘጠኝ ዓመታቸው ወስነው ስለነበር ነው። የጎደላቸው ምስክር ብቻ ነበር፤ በሩን አገኙ።

እናታችን ለምን «አዲስ ነው» አሉ? የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ በሩ ቆርቆሮ ወይ መጋረጃ ነበር። የእኛ ጣውላ ሆነ፣ አረንጓዴም ሆነ። ጎረቤቶች ከሥራ ሲመለሱ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እናታችን «አናጢው ለእኛ ብሎ ነው የሠራው» አሏቸው፤ እኔንም «አዲስ ነው በይ» አሉኝ። እኔም አልኩ። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ተባለ። ካርዱን ሰው ካነበበላቸው በኋላ እናታችንን እግራቸው ስር ወድቄ እውነቱን እንዲናገሩ ለመንኳቸው። «በስተርጅናዬ ውሸታም ልባል? ሰው ይረሳዋል፣ ተይው» አሉኝ። ወደ አባታችን ሄድኩ። አባታችን ክር በመርፌ እያሾለኩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ተያት። እናትሽ በዚያ በር ሠላሳ ዓመት ኮርታለች፤ አሁን ከየት አምጥቼ ሌላ ኩራት እሰጣታለሁ?» አሉኝ። ለጎረቤት ትንፍሽ እንዳልል ቃል አስገቡኝ። ቃሌን ጠበቅኩ። በሕይወቴ የምጸጸትበት ቃል እሱ ነው።

ለወንድማችን ግን ነግሬያቸዋለሁ። ወንድም አይደሉም እንዴ? «ጋሼ፣ በሩ የመጋዘን ነው፤ እኔ አይቻለሁ» አልኳቸው። «የሰባት ዓመት ልጅ ትዝታ ማስረጃ አይሆንም፤ የእናታችን ቃል በቴፕ አለ» አሉኝ። ሰው ይዋሻል ሲሉ የኖሩት ሰውዬ፣ ሰው የዋሸበትን ብቸኛ ቀን አመኑት።

አባታችን በ1988 ዓ.ም. አረፉ። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪክ አልተነበበም። የሚያነብ ጠፍቶ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው ምን እያሰበ እንደሚሰማ ስለምናውቅ ነው። ወንድማችን ከኋላ ቆመው ነበር።

እናታችን በ1994 ዓ.ም. ታመው ሊያርፉ ሲሉ እኔን ወደ ትራሳቸው ጠርተው «አባትሽ ዝም ያለው ለእኔ ነው። በሩ አሮጌ ነው ብለሽ ለወንድምሽ ንገሪው፤ እኔ ፊቱን ማየት አልችልም» አሉኝ። እናታችን በተቀበሩ በሳምንቱ ምድር ቤት ወረድኩ። ወንድማችን ጓንታቸውን ሳያወልቁ ሰሙኝና «የሟች ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ። «እሺ፣ እኔን አትመን፤ ቀለሙን ፋቀው። 14 ቁጥር ታገኛለህ» አልኩ። «የሙዚየም ዕቃ አይፋቅም፤ ደንብ ቁጥር ሰባት» አሉኝ። ደንቡን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ያልኩትን ቃል እዚህ አልደግመውም፤ ልጆች ይሰማሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም።

ወንድማችን በዚህ መካከል የክፍል ኃላፊ ሆነዋል፤ አራት መጻሕፍት ጽፈዋል፤ በርካታ የምስክር ወረቀቶችና አንድ ሜዳልያ ተቀብለዋል፤ ብዙ ወጣት ባለሙያዎችን አሠልጥነዋል። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነች ሴት ልጅና አስተማሪ የሆነ ወንድ ልጅ ወልደዋል። በ2003 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ልጆቻቸውን አክስታቸውን ከመጠየቅ አልከለከሏቸውም፤ ይህንም ልመስክር።

በ2013 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠብ ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን የማውቀው ከትናንት ወዲያ ለቅሶ የመጣችው የሙዚየሙ የዕቃ ጥገና ባለሙያ ስለነገረችኝ ነው። ባለፈው ጥር ወንድማችን በከዘራ ተደግፈው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ፤ ራሳቸው ከጻፉት ደንብ ቁጥር ሰባት ለአንድ ጊዜ ነፃ እንዲደረጉ የጠየቁበትን ደብዳቤም ሰጧት። ልጅቷ በጥጥና በአልኮል፣ ከዚያም በቀጭን ስለት፣ የደብተር ገጽ የሚያህል ቦታ ፋቀች። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አራት ወጣ። ከስሩ «መጋዘን» የሚል ጽሑፍ ነበር። ወንድማችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለአንድ ሰዓት ያህል ቁጥሩን በጣታቸው ሲከተሉ ቆዩ። ልጅቷ ደንግጣ «ዶክተር፣ ቤተሰብ ልጥራ?» አለቻቸው። «እህቴ ታውቀዋለች፤ ምን ብዬ እነግራታለሁ?» አሏት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ማደር ግን ትንሽ ይበዛል።

ትናንት ጠዋት አስከሬኑ ሳይመጣ ሙዚየሙ ሄድኩ። ካርዱ ተቀይሯል፤ በእጃቸው የጻፉት ነው። እንዲህ ይላል፦ «በር፣ ከባቡር ጣቢያ መጋዘን የተገዛ። መወርወሪያውና ጭረቶቹ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ግንኙነት የላቸውም። ቀድሞ የተሰጠው ገለጻ የጥናት ስህተት ነው።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አባቴ» የሚል ቃል ፈለግኩ፤ የለም። «በደልኩ» የሚል ፈለግኩ፤ የለም። የጥናት ስህተት! ይቅርታ የተጠየቀው በሩ ነው።

ወንድማችን ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተውልናል።

ያን ወረቀት በመሳቢያቸው ለምን እንዳስቀመጡት ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው የገባኝ። በገዛ አፋቸው ሊሉት ያቃታቸውን በእኔ አፍ ሊያስብሉት ነው። ሞተውም ሥራ አዘዙኝ። እሺ፣ እሠራዋለሁ፤ ለእሳቸው ግን አይደለም። ከጣቢያው ጀርባ የመጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣ አባታችን ሲያልፉ ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጉ የነበራችሁ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ የተለካችሁ፣ ስሙ። አባታችን በእናታችን ላይ አንድም ቀን በር ቆልፈው አያውቁም። ያ መወርወሪያ በእኛ ቤት አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። የሚስታቸው ትንሽ ኩራት እንዳይነካ ብለው ስማቸው ሲቆሽሽ ዝም ያሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም ይህን አውቀው ሞተዋል።

ፈጣሪ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ቢሆንም የወንድማችንን ነፍስ ይማር እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን አባታችን ወዳሉበት ያድርሳቸው፤ ፊታቸው ይቁሙና፣ ያለ ቴፕና ያለ ማስረጃ፣ «አባባ፣ በደልኩዎት» ይበሏቸው። አባታችንን አውቃቸዋለሁ፤ ቃሉ ሳያልቅ ይቅር ይሏቸዋል።

እኔ ገና ነኝ።